ለኦፕን ባፍል የትኛው ትዊተር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። አራቱም ኦፕን ባፍል ስፒከር በገዛ እጃቸው ከሚሠሩ ሰዎች የመጡ ናቸው፤ አራቱም የተያዙት ትዊተሩ ላይ ነው፤ ትዊተር ማለት ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ነው። ለማያውቅ በአጭሩ፦ ኦፕን ባፍል ማለት ስፒከሩ ሳጥን ውስጥ ሳይዘጋ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ብቻ የሚታሰርበት አሠራር ነው። ጀርባው ክፍት ነው። ኮኑ ከፊት አየሩን ሲገፋ ከኋላ ይስበዋል፣ ስለዚህ የፊቱና የኋላው ሞገድ ተቃራኒ ናቸው፤ በጎን በኩል ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ባሱ የሚሳሳውም ለዚህ ነው። የሳጥን ጉምጉምታ ግን የለውም፤ ሰው የሚወደው ለዚሁ ነው። ዉፈር የሚባለው ወፍራሙን ድምፅ፣ ሚድሬንጅ መካከለኛውን የሚያወጣ ስፒከር ነው፤ ክሮስኦቨር ደግሞ ድምፁን ከፋፍሎ ለየስፒከሩ የሚሰጠው ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። 45 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ኮምፔንሳቶ ቆርጬ ታች 15 ኢንች ዉፈር፣ ላይ 8 ኢንች ሚድሬንጅ ገጥሜያለሁ። ሚድሬንጁ መረጃው ላይ የሚጮህበት መጠን (ሴንሲቲቪቲ) 94 ዴሲቤል ይላል። የቀረኝ ትዊተር ነው። ሪበን ልግዛ፣ ኤኤምቲ ልግዛ ወይስ ተራውን፣ ጉልላት መሰሉን የሐር ዶም? ጓደኛዬ ደግሞ «ጀርባው የተዘጋ ትዊተር ከገባበት ኦፕን ባፍል መሆኑ ቀረ» ብሎ ግራ አጋብቶኛል። ክሮስኦቨሩን 3000 ሄርዝ ላይ አስቤዋለሁ፤ የምሠራው በካፓሲተርና በኮይል ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትዊተሩን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ሚድሬንጅህን እየው። ትዊተሩን የሚመርጥልህ እሱ ነው። ሰው ሪበን ይሻላል ዶም ይሻላል እያለ ሲከራከር ያመሻል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ትዊተሩ ሥራውን የሚረከበው ከስንት ሄርዝ ላይ ነው የሚለው ነው። ይህን ሳትመልስ ከገዛህ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆንብሃል።

እንቁጠረው። የ8 ኢንች ስፒከር የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ ከጠርዝ ጠርዝ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። 343ን ለ0.17 ስታካፍለው 2000 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል። ከዚያ በላይ የሞገዱ ርዝመት ከኮኑ ስፋት እያነሰ ይሄዳል፤ ኮኑም ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ወደፊት ብቻ ይወረውረዋል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ላይታወቀው ይችላል። ሶፋው ጫፍ ላይ ያለው ግን ከ2000 በላይ ድምፁ እየከዳው ይሄድና 3000 ላይ ትዊተሩ ሲገባ፣ እሱ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን፣ በድንገት ብዙ ድምፅ ይደርሰዋል። የዘፋኙ ድምፅ ደረቱ አንድ ቦታ፣ «ሰ» እና «ሸ» ሌላ ቦታ የሆነ ያህል ይሰነጠቃል። ስለዚህ 3000 ላንተ ከፍ ይላል። 1800 ሄርዝ አድርገው፣ ካልሆነ 2000። ከዚያ አትለፍ።

አሁን የመረጥካቸው ሦስቱ ይለያያሉ። 1800 ላይ መጀመር ለትዊተር ቀላል ሥራ አይደለም፤ ያው የድምፅ መጠን እንዲወጣ ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በወረደ ቁጥር ዲያፍራሙ (አየሩን የሚገፋው ስስ ክፍል) አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። 3000 ላይ ተዝናንቶ የሚሠራ ትዊተር 1500 ላይ ሊጨነቅ ይችላል። መረጃው ላይ ኤፍኤስ የሚለውን ቁጥር ፈልግ፣ የትዊተሩ የራሱ ሬዞናንስ፣ ማለትም በተፈጥሮው የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ነው። የተለመደው ልክ ክሮስኦቨሩ የኤፍኤሱ ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን ነው። ላንተ 900 ቢሆን ጫፍ ላይ ነህ፤ ከ500 እስከ 700 ያለው ይመችሃል። ቁልቁለቱንም፣ ማለትም ክሮስኦቨሩ ከመነሻው በታች ድምፁን የሚቀንስበትን ፍጥነት፣ ጠንከር አድርገው፤ መሐንዲሶቹ ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝና ረስ ራይሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቁት፣ በስማቸው የሚጠራው ክሮስኦቨር በኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ወይም ግማሽ በሆነ ቁጥር) 24 ዴሲቤል የሚወርደው ዓይነት እዚህ ጥሩ ነው።

ሪበኑን እርሳው። ሪበን ማለት በማግኔት መካከል የተወጠረች ስስ የአልሙኒየም ጥብጣብ ናት። ቀላል ስለሆነች ላይኛውን ድምፅ ጥርት አድርጋ ታወጣለች፤ ግን ብዙ መንቀሳቀስ አትችልም፣ ትንሿን ሪበን 1800 ላይ ማስጀመር ትርፉ እሷን ማጥፋት ነው። ሪበን መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ያንተ ቦታ ቦታዋ አይደለም።

ኤኤምቲ ይቻላል፣ መርጠህ ከሆነ። የፈለሰፈው ኦስካር ሃይል የሚባል ጀርመናዊ ነው። በነገራችን ላይ ይኸው ሰው በ1930ዎቹ አጋማሽ ለትራንዚስተር ቀዳሚ ከሆኑት የባለቤትነት ምዝገባዎች አንዱን ያስመዘገበ ነው፤ አንዳንድ ሰው አንድ ሙያ አይበቃውም። ኤኤምቲ ውስጥ እንደ ፕሊሴ የተጣጠፈ ስስ ፊልም አለ፤ እጥፋቶቹ ሲጠጉና ሲራራቁ መካከላቸው ያለውን አየር ይተፉታል፣ ይስቡታል፤ አየሩ የሚወጣው ፊልሙ ራሱ ከሚንቀሳቀስበት በላይ ፈጥኖ ነው። በ1970ዎቹ የወጣው ትልቁ የሃይል ኤኤምቲ ጀርባው ክፍት ነበር፣ ከ1000 ሄርዝ አካባቢም ይጀምር ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሸጡት ትንንሾቹ ግን ከኋላ የተዘጉ ናቸው፣ ብዙዎቹም ከ2500 ወይም ከ3000 በላይ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። ስሙን አይተህ አትግዛ። ግራፉን እይ፤ ከ1800 በታች ቢያንስ አንድ ኦክታቭ ሳይወድቅ መሄዱን፣ ዲስቶርሽኑም (የድምፁ መዛባት) እዚያ ላይ ሽቅብ አለመዝለሉን አረጋግጥ። ቁመታቸው የረዘመውን ስትገዛ ደግሞ ቁጭ ብለህና ቆመህ የምትሰማው አንድ እንደማይሆን እወቅ። ድምፁን ወደላይና ወደታች አይበትኑትም።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ዶም ነው የምገዛው። 25 ወይም 28 ሚሊሜትር፣ ሐር ይሁን አልሙኒየም ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ያስጨንቀኝ የነበረው ከፊቱ ያለው ክብ ሳህን ስፋት ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ሚድሬንጁና ትዊተሩ 1800 ላይ አብረው ይጮሃሉ፤ እዚያ የሞገዱ ርዝመት 19 ሳንቲሜትር ነው። የሁለቱ መሐል ለመሐል ርቀት ከዚህ ከበለጠ፣ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ስትል ድምፃቸው አልገጥም ይላል። የ8 ኢንች ስፒከርህ ፍሬም ግማሹ 10.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ብዙ የዶም ትዊተሮች ሳህናቸው 104 ሚሊሜትር ስለሆነ ግማሹ 5.2 ነው። ስትደምረው 15.7፤ ገባልህ። ከፊቱ 16 ሳንቲሜትር የሰፋ ዌቭጋይድ (ድምፁን የሚመራ ጎድጓዳ አፍ) ያለውን ከወሰድክ 18.5 ይሆናል፣ ለጥቂት ነው የሚተርፍህ። ግን እንዲህም ሆኖ ዌቭጋይዱን አልጠላውም፣ ምክንያቱም የትዊተሩን መበተን ታች አካባቢ ጠበብ ስለሚያደርገው ከ8 ኢንቹ ጋር ይስማማል፤ እዚያው ታች ላይም የተወሰነ ዴሲቤል ይጨምርልሃል።

ስለ ዴሲቤል ካነሳን፣ እንዳንተ በካፓሲተርና በኮይል በሚሠራ ፓሲቭ ክሮስኦቨር ላይ ትዊተርን በሬዚስተር ማውረድ ይቻላል፣ ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም። «ሚድሬንጄ 94 ነው፣ ዶሙ 92 ነው፣ አይበቃም» ብለህ እንዳትሸበር። ጣውላህ 45 ሳንቲሜትር ነው። ሚድሬንጁ መሐል ላይ ከሆነ ከ700 ሄርዝ አካባቢ ወደታች የኋላው ሞገድ ዞሮ እየመጣ ይበላዋል። ከላይ እስከ ታች እኩል እንዲሆን ላይኛውን ክፍል በክሮስኦቨሩ ዝቅ ማድረግህ አይቀርም፤ ያኔ 94 የነበረው ወደ 90 ወይም 91 ይወርዳል። ስለዚህ 92 ያለው ዶም ይበቃሃል።

የጓደኛህ ነገር ቀረ። ዶም ከኋላ ዝግ ነው፤ እውነት ነው፣ ከ1800 በላይ ወደኋላ የሚሄድ ድምፅ አይኖርህም። ይህ ትልቅ ኃጢአት ነው ወይ? ሰዉ ሁለት ጎራ ነው። ሊንክዊትዝ ራሱ ኦሪዮን ለተባለው ስፒከሩ በኋላ ላይ የጀርባ ትዊተር ጨምሮለታል፤ ኤልኤክስ521 የተባለው ደግሞ ፊትም ኋላም ትዊተር አለው። ሐሳቡ ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ ከቀጥታው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይኑረው የሚል ነው። እኔ የምመክርህ ግን በአንዱ ጀምር ነው። ፊቱን አስተካክለህ ጨርስ፣ ለአንድ ወር ሙዚቃ ስማበት፣ ከዚያ ከኋላ ሌላ እሱኑ የመሰለ ዶም ጀርባ ለጀርባ ጨምር። የኋለኛው ፕላስና ማይነሱ ተገልብጦ ይታሰራል፣ አለዚያ ዳይፖል፣ ማለትም የፊቱና የኋላው ሞገድ ተቃራኒ የሆነበት፣ መሆኑ ይቀራል። ሁለት 8 ኦም በፓራለል ስታስር 4 ኦም ይሆናልና የክሮስኦቨሩ ካፓሲተርና ኮይል እንደገና መሰላት አለበት፤ ይህን ከወዲሁ አስበህ ለቦርዱ ቦታ ተው። ስፒከሩን ደግሞ ከኋላው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር አርቀው። 1 ሜትር ማለት የሚነጥረው ድምፅ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው፤ ከዚያ ካነሰ የኋላ ትዊተር ከመጥቀሙ ይልቅ ማደናገሩ ይብሳል።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ። እኔ የሠራሁት ቀላል ነገር ነው፤ አንድ 8 ኢንች ፉልሬንጅ (ሁሉንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣ ስፒከር) ያለ ምንም ክሮስኦቨር፣ ላይኛው ድምፅ ስላነሰኝ ብቻ 8 ኦም ትዊተር በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩበት። አሁን ላይኛው ድምፅ ሞልቷል፣ ግን ሴት ዘፋኝ ስትዘፍን ጆሮዬን ይወጋኛል። ትዊተሩ ርካሽ ስለሆነ ነው? ሪበን ብቀይርበትስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ትዊተሩን አትውቀሺው። ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው። 10 ማይክሮፋራድ በ8 ኦም ላይ 2000 ሄርዝ ይመጣል። ፉልሬንጁ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ሳይቀነስ እየጮኸ ነው። ስለዚህ ጆሮ በጣም ንቁ የሆነበትን ቦታ፣ ከ2000 እስከ 5000 ያለውን፣ ሁለቱ ተደርበው ያወጡታል። አንድ ካፓሲተር ብቻውን ደግሞ በኦክታቭ 6 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ ትዊተሩ ከታች በኩል የማያገባው ቦታ ድረስ ይለፋል።

10ሩን አውጪና 3.3 ማይክሮፋራድ አስገቢ። 6000 ሄርዝ አካባቢ ይሆናል። አሁንም ከበዛ 2.2፣ እሱ 9000 ነው። ስትገዢ ፊልም የሚባለውን ወይም ዋልታ የሌለውን ኤሌክትሮላይቲክ ያዢ፤ ፕላስና ማይነስ የተጻፈበት እዚህ አይሆንም። ካፓሲተሩ ተቀይሮም ትዊተሩ ከጎላ ሬዚስተር ጨምሪ፤ ግን አስተውዪ፣ 4 ኦም በተከታታይ ካስገባሽ ካፓሲተሩ የሚያየው 8 ሳይሆን 12 ኦም ነው፣ መነሻውም ቁልቁል ይወርዳል። 3.3ቱ ከ6000 ወደ 4000 ይመጣል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሬዚስተር ጨምሮ «ድምፁ ቀነሰ፣ መውጋቱ ግን አልቀረም» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ሬዚስተር ስትጨምሪ ካፓሲተሩን ወደ 2.2 አውርጂው።

ከዚያ የትዊተሩን ሁለት ገመድ ገልብጠሽ ስሚ። ትክክለኛው አቅጣጫ በጆሮ የሚገኝ ነው፤ የምታውቂውን ዘፈን ዝቅ አድርገሽ ክፈቺ፣ ከሰምባል በኋላ የሚቀረውን ሽሽታ አዳምጪ፣ አንደኛው አስተሳሰር ላይ ከፉልሬንጁ ጋር አንድ ላይ ይመጣል፣ ሌላው ላይ ተነጥሎ ይንሳፈፋል። ሪበን ካማረሽ ደግሞ ያንቺ ቦታ ላይ ይሆናል። ከላይ ያለውን ወንድም የከለከልኩት 1800 ላይ ስለሆነ ነው፤ ከ6000 በላይ ሪበን ደስ ብሎት ይሠራል። ግን መጀመሪያ ካፓሲተሩን ቀይሪና የያዝሽውን ስሚው፤ ላያስፈልግሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፤ በወጣትነቴ ራዲዮ እጠግን ነበር። ትዊተሩን ሰፊው ጣውላ ውስጥ በስቼ ላስገባው ወይስ ከጣውላው በላይ ብቻውን ይቁም? ልጄ ብቻውን ይቁም ይላል፣ እኔ ግን መልኩ አላማረኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ በድምፁ በኩል ልጅዎ ልክ ነው። ሰፊ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ትዊተር ሞገዱ በጣውላው ገጽ ላይ ተንሸራቶ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይሰበርና ሁለተኛ ምንጭ ይሆናል። በተለይ ትዊተሩ ከግራና ከቀኝ ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ ከሆነ ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ትዊተሩ የተዘጋው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከኋላው ሞገድ የሚከለልበት ነገር ስለሌለ ጣውላው አያስፈልገውም።

መልኩን ሳያጡ ማድረግ ይችላሉ። ጣውላው ወደላይ እየጠበበ እንዲሄድ ይቁረጡት፤ ታች ዉፈሩ ጋ ሰፊ፣ ትዊተሩ ጋ ሲደርስ 12 ወይም 15 ሳንቲሜትር። ጠርዙን በሞረድ ያክቡት። ትዊተሩ ሲቀመጡ ከጆሮዎ ጋር እኩል ይሁን፣ ለብዙ ወንበር ከመሬት 90 እስከ 100 ሳንቲሜትር ነው። ሌላ ጥቅምም አለው፦ የዶም ትዊተር ድምፅ የሚነሳው ከፊቱ ነው፣ የሚድሬንጁ ግን ከኮኑ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትዊተሩን ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ወደኋላ ገፋ አድርጎ ማሰር ሁለቱን ያስተካክላል። ሳጥን ቢሆን ይህ ጣጣ ነበር። ለእርስዎ አንድ ማዕዘን ብረትና ሁለት ብሎን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ትዊተሬ ተቃጠለ። ፓሲቭ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ አምፕሊፋየር አለው፣ ክሮስኦቨሩ ዲጂታል ነው። ትዊተሩ 100 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ አምፕሊፋየሬ 50 ዋት ብቻ ነው። እንዴት ይቃጠላል?

መልስ፦ መጀመሪያ መሞቱን አረጋግጥ። መልቲሜትር ኦም ላይ አድርገህ ለካው፤ ጤነኛ 8 ኦም ትዊተር ከ5.5 እስከ 6.5 ያነባል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። የዉፈርን ዋልታ በባትሪ ድንጋይ እንደሚፈትሹት ትዊተሩን እንዳትነካው፤ ይጎዳል።

100 ዋት የሚለው ጽሑፍ የሚያወራው ከታች በፊልተር ስለተከለለ ሙዚቃ ነው። የትዊተር ኮይል ራሱ ስስ ሽቦ ነው፣ የማያቋርጥ 10 ዋት እንኳ ብዙውን ያሰቃየዋል። 50 ዋቱ አምፕሊፋየር ደግሞ አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ሞገድ ላይኛው ድምፅ ይበዛበታል፣ ያ ሁሉ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። ያንተው ግን ሌላም ቀዳዳ አለው። አምፕሊፋየሩና ትዊተሩ በቀጥታ ተያይዘዋል። ስታበራ «ጧ» የሚለው፣ ኮምፒውተሩ ሲደናገር የሚያወጣው፣ ወይም በስህተት የባሱ ቻናል ትዊተሩ ላይ ሲገባ ምንም የሚያስቆመው የለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በተከታታይ 33 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር አስገባ። በ8 ኦም ላይ 600 ሄርዝ ነው፤ ክሮስኦቨርህ 2000 ላይ ከሆነ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ እሱንም በዲጂታሉ ታስተካክለዋለህ።

አዲሱን ስታስር አምፕሊፋየሩን ዝጋ። መጀመሪያ ከካፓሲተሩ ጋር የማትሳሳለትን አሮጌ ስፒከር አገናኝተህ ከዚያ ቻናል የሚወጣው ላይኛው ድምፅ ብቻ መሆኑን ስማ። ባስ ከሰማህ ገመዱ ወይም ሴቲንጉ ተገልብጧል። አስተካክለው፣ እንደገና ስማው፣ ትዊተሩን የምታስረው ከዚያ በኋላ ነው። ስታበራ ትዊተሩ ያለበትን አምፕሊፋየር መጨረሻ አብራው፤ ስትዘጋ እሱን መጀመሪያ ዝጋው።